ለሌለ እግር መርፌ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። መሪ ላይ ያላችሁ ግን ቀይ መብራት ላይም ቢሆን አታንብቡ፣ ቤት ስትገቡ ትደርሱበታላችሁ።

አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ታናሽ ወንድሟ በሰሜኑ ጦርነት አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቷል። አሁን ደሴ ነው። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ ሌሊት ሌሊት ግን የሌለው እግሩ ያመዋል። ጣቶቹ ይቃጠላሉ፣ ተረከዙን በምስማር የሚመቱት ይመስለዋል። እናታቸው "ልጄ አእምሮው ተነካ" ብለው ከጸበል ጸበል ይዘውት ይዞራሉ። እሷ ደግሞ ቻይናዎች ይህን ሕመም በመርፌ ነቅለው ያወጡታል የሚል ቪዲዮ አይታ፣ አዲስ አበባ አስመጥታ ልታሳክመው ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። "አንድ አባት ወደ መርፌ ሕክምና እንደምታመላልስ ጽፈህ ነበር። እውነት ይሠራል?" ነው ጥያቄዋ።

በሁለት መስመር ልመልስላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ሌሎቻችሁም ቤት ይህ ነገር እንዳለ ስለማውቅ እዚሁ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት፣ የልጁ አእምሮ አልተነካም። እጅ ወይም እግር ከተቆረጠባቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሌለው አካላቸው ያማቸዋል። ሐኪሞች ፋንተም ይሉታል። አምብሯዝ ፓሬ የሚባል የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ሐኪም ገና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለዚህ ነገር ጽፏል (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በ1797 ቀኝ እጁን ካጣ በኋላ ጣቶቹ ይሰሙት ነበር ይባላል፤ እጅ ሞቶ ስሜቱ ከቀረ፣ ሥጋ ሲሞት ነፍስ ትቀራለች ማለት ነው ብሎ ተፈላሰፈበት አሉ። ስሙን ያወጣው ግን አሜሪካዊው ሐኪም ሲላስ ዌይር ሚቸል ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ፊላደልፊያ ውስጥ ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክም ነበር። በ1866 እጅና እግሩን ሁሉ ስላጣ ሰው አንድ ልብ ወለድ ስሙን ሳይገልጽ በአትላንቲክ መጽሔት አወጣ። አንባቢው እውነት መስሎት ለባለታሪኩ ገንዘብ አዋጣ። ያኔም ጎፈንድሚ ነበረ ማለት ነው። "ፋንተም ሊምብ" የሚለውን ቃል የተጠቀመበት ከዚያ በኋላ፣ በ1871 ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ቤተሰብም ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ቢለያቸው ይጠቅመዋል። አንደኛው፣ እግሩ ያለ መስሎ መሰማቱ ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉም ሰው ላይ ማለት ይቻላል ይመጣል፣ አያምም። ሁለተኛው፣ የቀረው ጫፍ ራሱ የሚያም ከሆነ ነው፤ ኢንፌክሽን፣ ልኩ ያልሆነ ሰው ሠራሽ እግር፣ ወይም የተቆረጠ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ሦስተኛው ነው የሌለው እግር ሕመም።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ስማቸውን አልጠራም፤ የሰሜን ቨርጂኒያ ሾፌር ግማሹ ያውቃቸዋል። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ መንገድ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ስኳር አለባቸው። ቀኝ እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች፣ አልድን አለች፣ መጨረሻው ከጉልበት በታች መቆረጥ ሆነ። አዲሱን እግር ለምደው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመሩ በኋላ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንተ ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም እንዳትናገር" አሉኝ። "አውራ ጣቴ ተጠምዛ ሌላዋ ጣት ላይ ወጥታለች። የቀኟ። ሌሊቱን ሙሉ አልወርድ አለችኝ።" ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም። ያበድኩ ይመስላታል ብለው ፈርተው ወራት ችለውታል። አሁን ግን ጻፈው ብለው ፈቅደውልኛል።

ጎጃም ያሉት እህታቸው በስልክ ሲሰሙ "እግሩን የት ቀበሩት? ጣቱ ታጥፎ ተቀብሮ ይሆናል" አሉ። አትሳቁ። እዚሁ አሜሪካም በዚያ ዘመን የተቀበረ እጅ አስወጥቶ ጣቶቹን አቃንቶ መልሶ ማስቀበር እንደነበረ ይወራል። ሰው የሌለ ነገር ሲያመው ምክንያት መፈለጉ አይቀርም።

ምክንያቱን ለጋሼ ያስረዳኋቸው በሬዲዮ ነው። አገር ቤት ቴሌ ስሠራ የማውቀው ነገር ስለሆነ ይቀናኛል። ደህና ሬዲዮ ውስጥ የሚመጣው ሲግናል ሲደክም በራሱ የሚያጎላ ሰርኪዩት አለ። ጣቢያው ጨርሶ ሲጠፋ ሰርኪዩቱ መጥፋቱን አያውቅም፤ የደከመ መስሎት ያጎላል፣ ያጎላል፣ መጨረሻ ላይ የምትሰሙት የራሱን ሹሹታ ነው። ከአንጎላችን ላይ የእያንዳንዱን የሰውነት ክፍል ስሜት የሚቀበል ስፍራ አለ፤ ሞንትሪያል የነበረው ዋይልደር ፔንፊልድ በ1930ዎቹ በሽተኛው እንደነቃ አንጎሉን እየነካ ካርታውን ስሏል። እግር ሲቆረጥ የእግሩ ስፍራ አብሮ አይቆረጥም። ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

ሹሹታው ደግሞ ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም። የተቆረጠው ነርቭ ወደ ጠፋው እግር ሊያድግ ይሞክርና መሄጃ ሲያጣ ተጠቅልሎ እንደ ትንሽ እብጠት ይሆናል። ኒውሮማ ይባላል። ማንም ሳይነካው ሲግናል ይልካል። ህብለ ሰረሰሩም ከዚያ ሁሉ ሕመም በኋላ ትንሿን ነገር አጉልቶ የማሳለፍ ልማድ ያወጣል። አንጎል ውስጥ በትክክል ምን እንደሚሆን ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዱ ወገን ጎረቤት የሆነው ስፍራ የእግሩን ቦታ ይወርረዋል፣ ሕመሙም ከዚያ ነው ሲል ቆይቷል፤ በ2013 ደግሞ ታማር ማኪንና ባልደረቦቿ የጠፋው እጅ ካርታ እንዳለ እንደሚቆይ፣ ሕመሙ የበረታባቸው ሰዎች ዘንድ ይበልጡን እንዳለ እንደሚቆይ አሳዩ። የኔ ሬዲዮ ለማስረዳት ያህል ነው እንጂ ከክርክሩ በላይ አይደለም።

ጋሼ ሐኪማቸው ጋባፔንቲን አዘዘላቸው። "ሌሊቱን ያስተኛኛል፣ ቀኑንም ይመርቅልኛል" ይላሉ፤ ምሳ ላይ ሳይቀር ያንቀላፉ ነበር። ከዚያ ከዕድር አንድ ሰው አናንዴል ስላለች ኮሪያዊት የመርፌ ሐኪም ነገራቸው። ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ ግድ አልኳቸው፤ ጠየቁ፣ መድኃኒቱን እስካላቋረጡ ድረስ ይሞክሩት አላቸው። ሹፌርም አስተርጓሚም ሆኜ በ236 ይዣቸው ሄድኩ።

ሴትዮዋ መርፌ ከማንሳቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቀች። ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ ወይ? ስኳሩ ስንት ነው? የቀረው ጫፍ ቁስል አለው ወይ? መርፌዎቹን ከታሸገ ፓኬት ፊታችን ከፈተች፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ናቸው። ከዚያ ጆሯቸው ላይ፣ እጃቸው ላይ፣ ቀጥሎም በግራ እግራቸው ጉልበትና ባት ላይ መሰካት ጀመረች። በስኳሩ ምክንያት ከቁርጭምጭሚት በታች ጨርሶ አልነካችም።

ጋሼ ተቆጡ። "የሚያመኝ ቀኝ፣ የምትወጋኝ ግራ! ልጄ፣ ንገራት እንጂ!"

ነገርኳት። ሳቀችና "የሌለውን የት ልውጋው?" አለች። ነገሩ የሷ ፈጠራ አይደለም። ዴቪድ ብራድብሩክ የሚባል እንግሊዛዊ ባለሙያ በ2004 ጤነኛውን እግር እየወጋ ያከማቸውን ሦስት ሰዎች ታሪክ በሕክምና መጽሔት አውጥቷል፤ ሁለቱ ተሽሏቸዋል። የግራና የቀኝ ነርቮች ህብለ ሰረሰር ላይ ስለሚነጋገሩ አንዱን ወገን ቀስቅሶ ሌላውን ማብረድ ይቻል ይሆናል ነው ሐሳቡ።

ሳውዛምፕተን ላይ እነ ኤስሜ ትሬቬሊያን ያወጡት የ2016 ጥናት አለ። እግራቸው ከተቆረጠ ሰዎች ግማሹን ከመደበኛ ሕክምናው ጋር መርፌ ሰጧቸው፣ ግማሹን መደበኛውን ብቻ። መርፌ የወሰዱት ሕመማቸው ደህና አድርጎ ቀነሰ። ደስ ይላል፤ ግን በሁለቱም ወገን የነበሩት ሰዎች በድምሩ 15 ናቸው። የሙከራ ሙከራ ነው፣ እነሱም ትልቁን ጥናት ማካሄድ ይቻል እንደሆነ ለማየት እንጂ ያድናል ብለው አላወጡትም። ያቺ ቪዲዮ ላይ "ነቅሎ ያወጣል" ያለው ሰው 15 ሰው ይዞ ነው የሚፎክረው፣ ያውም ካነበበው።

የአሜሪካ ጦርም መርፌ ይጠቀማል። ሪቻርድ ኒምትዞ የሚባል የአየር ኃይል ሐኪም በ2001 ያወጣው ዘዴ ነው፤ በእያንዳንዱ ጆሮ አምስት ቦታ ላይ ትናንሽ መርፌዎች ይተከላሉ፣ ቀናት ቆይተው ራሳቸው ይወድቃሉ። የጦር ሜዳ አኩፓንክቸር ይሉታል፤ በቬተራንስ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ጦሩ ስለተቀበለው ብቻ ተረጋገጠ ማለት ግን አይደለም፤ ለወታደር የሚሰጠው ቶሎ ስለሚሠራና ሱስ ስለማያስይዝ ነው።

ታዲያ መርፌ ምኑን ይነካል? ቺ የሚሉትን በሰውነት መስመር የሚፈስ ኃይል አልቀበልም፤ ለክቶ ያሳየኝ የለም። ነገር ግን ሁለት የተፈተኑ ሐሳቦች አሉ። ልጅ ጉልበቱን ሲመታ እናት ታሸዋለች፣ ይቀለዋል። ሜልዛክና ዎል በ1965 ይህን አስረድተዋል፤ ህብለ ሰረሰር ላይ እንደ በር የሚሠራ ነገር አለ፣ የመዳሰስ ስሜት ሲገባ ለሕመሙ በሩን ያጠብበታል። ሁለተኛው፣ ሰውነት የራሱ ማስታገሻ አለው፣ ኢንዶርፊን። በ1977 እነ ዴቪድ ሜየር መርፌ የሰጠውን ማስታገስ ናሎክሶን ሲያጠፋው አዩ። ናሎክሶን ዛሬ ኦፒዮይድ በዝቶባቸው የወደቁትን ለማንሳት የምንይዘው መድኃኒት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ከፊሉ ነገር እውነተኛ ኬሚካል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ለመርፌ አማኞች አይመችም። ጀርመኖች ወገባቸውን በሚያማቸው 1162 ሰዎች ላይ ትልቅ ጥናት አድርገው በ2007 አወጡ። አንዱ ወገን ትክክለኛውን የቻይና መርፌ አገኘ፣ አንዱ ወገን መስመሩን ባልጠበቀ ቦታ ላይ ላይ እየተወጋ የውሸት መርፌ አገኘ፣ ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው ከትክክለኛው 47.6 በመቶ፣ ከውሸቱ 44.2 በመቶ፣ ከተለመደው 27.4 በመቶ ሆኑ። ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግማችሁ እዩአቸው። መወጋት ረድቷል፤ የት እንደተወጋ ግን ብዙም ለውጥ አላመጣም። አገር ቤት ዋግምትና ብጣት ያየን ሰዎች ይህ አይገርመንም። ሰው በትኩረት ሲይዝህ፣ ሲነካህ፣ ግማሽ ሰዓት ጸጥ ብለህ ስትተኛ ሕመም ይለዝባል። ይህን ማጣጣሌ አይደለም።

ለጋሼ ከመጀመራቸው ሁለት ሳምንት በፊት ደብተር ሰጥቻቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዜሮ እስከ አሥር አንድ ቁጥር፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ የወሰዱት መድኃኒት፣ በቃ። "ቴሌ አደረግኸኝ" ብለው ቢያጉረመርሙም ጻፉ። ከመርፌ በፊት ሰባትና ስምንት ነበር። ከስምንት ቀጠሮ በኋላ አራትና አምስት ሆነ። ግን ደብተሩ ሌላም ነገር ያሳያል፤ የተወጉ ዕለት ማታ ሦስት፣ በማግስቱ አራት፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ስድስት ይመለሳል። ሲቀዘቅዝና ስኳራቸው ከፍ ሲል መርፌም ቢኖር ስድስት ነው። እኔ ከዚህ የማነበው፣ መርፌው ያበርዳል፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ግን አላገኘውም። እሳቸው የሚያነቡት ሌላ ነው፦ "በሳምንት ሁለት ሌሊት ተኛሁ። አንተ ሁለት ሌሊት ምን እንደሆነ አታውቅም።"

አንዱ 85 ዶላር ነው፣ ስምንቱ 680። ሜዲኬር ከጥር 2020 ጀምሮ አኩፓንክቸር ይከፍላል፤ የሚከፍለው ግን ለቆየ የወገብ ሕመም ብቻ ነው፣ በ90 ቀን እስከ 12 ጊዜ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "ወገቤንም እኮ ያመኛል" አሉ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ውሸት አይባልም፤ የሜዲኬር ወረቀት ላይ ግን እንዲህ አይጫወትም ብዬ አስተውኳቸው።

አሁን ለእህታችን። ወንድምሽን ለመርፌ ብለሽ ከደሴ አዲስ አበባ አታመላልሺው። አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሚመደቡ የቻይና ሐኪሞች መርፌ ይሰጣሉ፤ በሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ከገባ ቢሞክረው አልቃወምም፣ አዲስ መርፌ ከፓኬት ሲወጣ እስካየ ድረስ። ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ግን መጀመሪያ የቀረውን ጫፍ በደንብ ለማስመርመርና ልኩ የሆነ ሰው ሠራሽ እግር እንዲያገኝ አውዪው። ደሴ ራሱ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ሐኪም ስለ ጋባፔንቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ይጠየቅ፤ ሁለቱም የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ከዚያ ደግሞ መስታወት ግዙለት።

መስታወት ስል እየቀለድኩ አይደለም። ራማቻንድራን የሚባል ሳንዲዬጎ ያለ ሐኪም በ1990ዎቹ ያመጣው ዘዴ ነው። ረጅም መስታወት በሁለቱ እግሮች መሃል ይቆማል፣ ደህናው እግር በሚታይበት በኩል። ሰውዬው ደህናውን ሲያንቀሳቅስ መስታወቱ ውስጥ የጠፋው እግር ሲንቀሳቀስ ያያል። አንጎል ለዓይን ያደላል፤ የተጠመዘዘው ጣት ሲፈታ ሲያይ የሚፈታላቸው አሉ። በ2007 ዋልተር ሪድ በነበሩ እግራቸው በተቆረጠ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል፤ በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ሳምንት። ከጨረሱት 18 ሰዎች መስታወት የደረሳቸው ስድስቱም ቀነሰላቸው። መስታወቱ በጨርቅ ከተሸፈነባቸው ስድስት ግን የቀነሰለት አንዱ ብቻ ነው። ይህም ትንሽ ጥናት ነው፣ አልደብቅም። ለኛ የሚቀርበው ግን የካምቦዲያው ነው፦ በፈንጂ እግራቸውን ያጡ 45 ሰዎች፣ መስታወት ወይም የቀረውን ጫፍ በተለያየ ነገር መዳሰስ ወይም ሁለቱንም አድርገው ሕመማቸው ከግማሽ በላይ ወረደ፣ ከሦስት ወር በኋላም እንደወረደ ነበር። በ2018 ነው የታተመው። ፈንጂ፣ ገጠር፣ ድህነት፣ ርካሽ መስታወት። ደሴ ከካምቦዲያ ምን ይለያታል?

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ሁለት እግር ላጣ አይሆንም። መጀመሪያ ቀን የሚያዞራቸው፣ ያጡትን እግር አይተው የሚያለቅሱም አሉ፤ ስለዚህ ብቻውን አይጀምር፣ እናቱ ወይም ፊዚዮቴራፒስት አጠገቡ ይሁኑ። እናቱ አጠገቡ ከሆኑ ደግሞ ጸበሉን እንዲተዉ ማንም አያስገድዳቸው። "አብዷል" የሚለውን ቃል ብቻ ይተዉት። እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ የተቆረጠውን ነርቭ ወደ ቅርብ ጡንቻ የሚያዞር ቀዶ ሕክምናም አለ፣ መነሻው ቺካጎ ነው፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጋሼ የመርፌ ቀጠሯቸውን በወር አንድ አድርገዋል። መስታወቱን አብረን ሄደን ገዛን፤ በር ላይ የሚሰቀል ረጅሙን፣ ከ20 ዶላር በታች። ባለቤታቸው አሁን ሁሉንም አውቀዋል። መጀመሪያ ቀን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን ሲያነሱ ሲያወርዱ አይተው "በስተርጅና ውበት ጀመረህ" አሏቸው፣ ከዚያ መስታወቱ እንዳይወድቅ ራሳቸው ያዙላቸው። ሁለት ሳምንት ሆናቸው። አውራ ጣቷ ወርዳለች ይላሉ፤ ተረከዙ ግን አሁንም ይቃጠላል። ደብተሩ ላይ የዚህ ሳምንት ቁጥር አራት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሦስት ነው። ወር ሲሞላ እጽፍላችኋለሁ፣ ቢወጣም ቢወርድም።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አካባቢ ፊዚዮቴራፒስት ወይም የሰው ሠራሽ እግር ባለሙያ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ። ስልክ ቁጥር በአደባባይ አትለጥፉ። ዛሬ ማታ ሥራ ላይ ስለሆንኩ መልስ ባዘገይ አትቀየሙኝ።